የኩሬ ደለል አወጣጥ፦ ፕላስቲኩን ሳይቀድዱ

ምንጃር ሸንኮራ ውስጥ የጎርፍ ውሃ የሚያጠራቅም ኩሬ ያለው ጓሮ ብዙ ነው። ብዙው ኩሬ ውሃው እንዳይሰርግ ከውስጥ ፕላስቲክ የለበሰ ነው። የሽንኩርት ችግኝ የሚፈላው በዚያ ውሃ ነው። ጎርፉ ግን ባዶውን አይመጣም። ከማሳ ያጠበውን አፈር ይዞ ይገባል፤ ካልተጠረገ ኩሬው ከሥር እየሞላ ይሄዳል።

የመጥረጊያ ጊዜው ግንቦት ነው። ውሃው ቀንሷል፣ ክረምቱም ገና አልገባም። መጀመሪያ ጫፉ ላይ ጨርቅ በተጠቀለለ ዱላ የጭቃውን ጥልቀት ለኩ። ወለሉ 4 ሜትር በ4 ሜትር፣ ደለሉ 25 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 4 ሜትር ኩብ ጭቃ አለ። በ20 ሊትር ባልዲ 200 ጊዜ ማውጣት ማለት ነው። ደቦ ጥሩ።

የተረፈውን ውሃ አትክልት አጠጡበት። በፓምፕ ከሆነ የመሳቢያውን ቱቦ አፍ ወንፊት አልብሳችሁ ከጭቃው ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ትንሽ ፓምፕ ደለል አይችልም። የቤንዚን ሞተር ግን ጉድጓዱ ውስጥ አታውርዱ። ጭሱ ሰው ይገድላል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ቶሎ ልጨርስ ብዬ በአካፋ ገባሁበት። ሥራው በግማሽ ቀን አለቀ፣ ደስ አለኝ። ክረምቱ ሞላው፤ ጥቅምት ላይ ግን ውሃው ከግማሽ በታች ወርዶ አገኘሁት። የአካፋው ጫፍ ፕላስቲኩን ሁለት ቦታ ሰንጥቆት ነበር። ውሃው ከሥር ባለው መረሬ፣ ማለትም ሲደርቅ በሚሰነጠቀው ጥቁር አፈር፣ ስንጥቅ ገብቶ ጠፋ፤ የዚያ ዓመት ችግኜም መደቡ ላይ ደረቀ።

ስለዚህ አካፋም ዶማም ወደ ውስጥ አይገባም። ጠርዙ በተስተካከለ ጣውላ ጭቃውን ወደ አንድ ጥግ ግፉት፤ በፕላስቲክ ባልዲ ቅዱት። በባዶ እግር ግቡ። ጭቃው ገንፎ ሲመስል ነው የሚወጣው። ከቀጠነ ከባልዲው ይፈሳል፤ ከደረቀ ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቆ ካልፈነቀላችሁት እምቢ ይላል። የመጨረሻዋን ሁለት ጣት ያህል ተዉአት። እሷን ለመጨረስ ሲታገሉ ነው የሚቀደደው። ግድግዳው ያንሸራትታል፤ ገመድ ከላይ ታስሮ ይውረድ፣ ልጆችም አይጠጉ።

ፕላስቲክ የሌለው ኩሬ ላይም ልክ አለው። የተጠቀጠቀው ጠንካራ ሸክላ ላይ ስትደርሱ አቁሙ። ውሃውን የያዘው እሱ ነው።

የወጣውን ጭቃ ከኩሬው በታች ወዳለው ማሳ ውሰዱት። አፋፉ ላይ ከተከመረ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል። ውሃው ኩሬው ውስጥ ከመግባቱ በፊት በሚያልፍበት ቦታ ደለል የሚያስቀር ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ቦዩን ሰርዶ አልብሱት። ጉድጓዱን ከየከባድ ዝናቡ በኋላ ጥረጉት። እዚያስ አካፋ ይቻላል።