ታሽከንትን ማየት፦ ጠዋት ገበያ፣ ቀትር ፕሎቭ፣ ከሰዓት ከመሬት በታች

ኡዝቤኪስታን የሚሄድ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ዋና ከተማዋን ታሽከንትን የሚያያት የሳማርካንድ ባቡር እስኪደርስለት ድረስ ነው። ከተማዋ ግን ቢያንስ አንድ ቀን ተኩል ይገባታል። እዚያ ጉብኝት የሚያበላሸው ሰዓት ነው። ገበያው ጠዋት ይደምቃል፣ ፕሎቩ፣ ማለትም በሥጋ የሚሠራው የሩዝ ምግብ፣ ከቀትር በኋላ ያልቃል፣ ሙዚየሞቹም አብዛኞቹ ሰኞ አይከፈቱም። ስለዚህ ከማክሰኞ እስከ እሑድ ባለው ቀን ይያዙት። ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች በእኛ፣ ዓመቶቹ ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ገንዘቡ ሶም ይባላል። ትልቁ ኖት 200,000 ሶም ስለሆነ ዜሮዎቹ ያምታታሉ፤ ከመክፈልዎ በፊት ረጋ ብለው ይቁጠሩ። የሚመነዝሩት ዶላር ያልተቀደደና ያልተጻፈበት ይሁን። ታክሲ በያንዴክስ ጎ ቢጠሩ ዋጋው አስቀድሞ ስልክዎ ላይ ስለሚታይ ክርክር የለም።

ቾርሱ ገበያ በስሙ የሚጠራ የሜትሮ (የከርሰ ምድር ባቡር) ጣቢያ አለው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይድረሱ። በሰማያዊ ንጣፍ ያጌጠውን ትልቅ ጉልላት ከሩቅ ያዩታል፤ ሲገቡ መጀመሪያ በደረጃው ወደ ላይኛው ዙር ይውጡ። መላው አዳራሽ ከላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ፎቶም የሚያምረው ከዚያ ነው። ላይ ለውዝ፣ ዘቢብና የደረቀ ፍራፍሬ፣ ታች ደግሞ ሥጋና የወተት ውጤት ይሸጣል። ቅመሱ ሲባሉ አይፈሩ፣ መቅመስ ለመግዛት አያስገድድም። በጨው የተቆላ፣ ቅርፊቱ ነጣ ብሎ ጫፉ የተሰነጠቀ የአፕሪኮት ፍሬ ካዩ ግን ሳይገዙ አይለፉ። ነጫጭ ድብልብሎቹን ከረሜላ መስሏቸው የሚጎርሱ አሉ። ኩሩት ይባላል፤ ተጠልሎ የደረቀ እርጎ ነው፣ ጨውም አለው፣ ስለዚህ ቆንጠር አድርገው ይጀምሩ። የሥጋው ተራ ላይ የተንጠለጠለው ወፍራም ቋሊማ ካዚ ነው፣ የፈረስ ሥጋ።

ዳቦው ኖን ይባላል። መሐሉ ላይ ያለው የነጠብጣብ ጌጥ ቼኪች በሚባል ሹል ማኅተም የሚወጋ ነው፤ የተወጋው ቦታ ታንዱር በሚባለው የሸክላ ምድጃ ውስጥ ስለማይነፋ ዳሩ ብቻ ያብጣል። ሲያስቀምጡት ፊቱን ወደ ላይ ያድርጉ። ኖንን መገልበጥ እዚያ እንደ ነውር ይቆጠራል።

ከቾርሱ ሐዝራቲ ኢማም ወደሚባለው የመስጊዶችና የመድረሳዎች ግቢ በአሮጌው ሰፈር ውስጥ ለውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል ያስኬዳል። ሴቶች ሻርፕ ይያዙ፣ ወንዶችም ቁምጣ አይልበሱ። እዚህ የሚፈለገው በቆዳ ላይ የተጻፈው፣ የኸሊፋ ዑስማን ነው የሚባለው ቁርኣን ነው። ሩሲያውያን በ1869 ወደ ፒተርስበርግ ወስደውት በ1924 ወደ ታሽከንት ተመልሷል። ለረጅም ጊዜ ይታይ የነበረው በሙዪ ሙባረክ መድረሳ ነው፤ አጠገቡ ግዙፍ የእስልምና ሥልጣኔ ማዕከል ስለተሠራ ግን የትኛው ሕንፃ ውስጥ እንዳለ ከመሰለፍዎ በፊት ይጠይቁ።

እስከ 6 ሰዓት ተኩል 375 ሜትር ከሚረዝመው የቴሌቪዥን ማማ አቅራቢያ ወዳለው የፕሎቭ ማዕከል በታክሲ ይሂዱ። ሩዝ፣ ካሮት፣ ሥጋና ስብ በግዙፍ ድስት ጠዋት ይጣዳሉ፤ ያ ድስት ካለቀ አለቀ፣ 9 ሰዓት ላይ የሚደርስ ሰው የሚያገኘው ጠርዝ ላይ የቀረውን ነው። ላዩ ላይ የተከተፈ ካዚ ሊጨመርበት ስለሚችል፣ የፈረስ ሥጋ የማይበላ ከመቀዳቱ በፊት «ካዚ አይጨመርበት» ብሎ ያሳስብ። ለጾመኛ ፕሎቭ አይሆንም፤ ሥጋውን ለይተው ቢያወጡትም ሩዙ የበሰለው በስቡ ነው። የጾም ቀን ኖን፣ ከቲማቲምና ከሽንኩርት የሚሠራው አቺቹክ ሰላጣና የቾርሱ ለውዝ ያጠግባሉ።

ከምሳ በኋላ፣ በተለይ በሐምሌ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ከመሬት በታች መግባት ነው። ሜትሮው በ1977 ተከፈተ፤ ጣቢያዎቹ የኑክሌር መጠለያም ስለነበሩ ፎቶ ማንሳት የተፈቀደው በ2018 ነው። መግቢያው ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። አንዴ ከፍለው ከገቡ እስካልወጡ ድረስ በየጣቢያው መውረድና መሳፈር ይችላሉ። ከቦዶምዞር እስከ ሚንግ ኡሪክ ይጓዙ፣ በውስጥ መተላለፊያ ወደ ኦይቤክ ጣቢያ ይሻገሩ፣ ከዚያ ሦስተኛው ፌርማታ አሊሸር ናቮይ ነው። እዚያ ወርደው ጣሪያውን ቀና ብለው ይዩ፦ ድርድር ጉልላት፣ በያንዳንዱ ውስጥ ረቂቅ ቅርጽ። ከዚያ በመጡበት አቅጣጫ ሁለት ፌርማታ ተመልሰው ኮስሞናቭትላር ይውረዱ። ግድግዳው ሰማያዊ ሴራሚክ ነው፤ ከክብ ሥዕሎቹ መካከል የጠፈር ተጓዦቹን ጋጋሪንንና ቴሬሽኮቫን፣ ከነሱም ጋር የ15ኛውን ክፍለ ዘመን ንጉሥና የከዋክብት ተመራማሪ ኡሉግ ቤግን ይፈልጉ።

እዚሁ ይውጡ፤ የተግባራዊ ጥበባት ሙዚየም በእግር ቅርብ ነው። ቤቱ የሩሲያዊው ዲፕሎማት የፖሎቭትሴቭ ነበር። እስከ 10 ሰዓት ከደረሱ ጊዜ ይበቃዎታል። ሱዛኒ ከሚባሉት ባለ ጥልፍ ጨርቆች አንዱ ፊት ይቁሙ። ጨርቁ በጠባብ ቁራጮች ተከፍሎ ለየብቻ ይጠለፍና በኋላ ይገጣጠማል፤ ስፌቱ ጋ አበባው ትንሽ ተዛንፎ ከታየ የእጅ ሥራ ነው። እንግዲህ ጠዋት ቾርሱ ላይ ከምግብ በቀር ምንም ባይገዙ የሚሻለው ለዚህ ነው፣ ዓይን መጀመሪያ ይልመድ።

በማግሥቱ ግማሽ ቀን ለሁለት ቦታ ይበቃል። በታሪክ ሙዚየም ከተርሜዝ ከተማ አጠገብ፣ ፋያዝ ቴፓ ከሚባል የቡድሂስት ገዳም ፍርስራሽ የተገኘውን የቡድሃ ቅርጽ ይዩ፤ ሌላውን በጥድፊያ ቢያልፉት አይቆጭም። ከዚያ በታክሲ ወደ ጀግንነት ሐውልት። ሚያዝያ 26 ቀን 1966 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከተማዋን ላፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የቆመ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ሰዓት 5፡23 ይላል፣ በእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ23። ከድንጋዩ የሚነሳውን ስንጥቅ በዓይንዎ ተከትለው ይሂዱ፣ ሕፃን ይዘው በቆሙት ባልና ሚስት እግር ሥር ያደርስዎታል። ከአሮጌው ሰፈር ለምን ጥቂት ብቻ እንደቀረ እዚህ ይገባዎታል።

ሱዛኒ ሲገዙ ጀርባውን ይገልብጡ፤ የማሽን ጥልፍ ጀርባው ወጥና ድርድር ነው። ሻጩ «የአያቴ ነው፣ መቶ ዓመቱ» ካለ ይጠንቀቁ፦ ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ዕቃ ያለ ባህል መሥሪያ ቤት ፈቃድ ከሀገር አይወጣም፣ ኤርፖርት ላይ ይቀራል። አዲሱን ይግዙ፣ ደረሰኙንም በእጅ ቦርሳዎ ይያዙ።