ሁለቱም ደፍርሰዋል፣ ግን አንድ አይደሉም፦ የሐይቅ ውሃን በብርሃን ጠባዩ ስትመድቡ የሚገባ ስህተት

ሐምሌ ላይ ጎርፍ በወረደ ማግስት ወሎ ውስጥ ሐይቅ ከተማ ዳር የቆመ ሰው ውሃው «ደፈረሰ» ይላል። በጋ ላይ አረንጓዴ ሲለብስም ያንኑ ቃል ይደግመዋል። ውሃን በዓይነት ለመመደብ ይህ ቃል አይበቃም፤ ውሃን የሚያደፈርሱት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። ደለል ብርሃንን ይበትናል። ከበሰበሰ ቅጠልና ከአፈር የሚሟሟው ሻይ መሰል ቀለም ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል። አልጌ ደግሞ ሁለቱንም ያደርጋል።

ስለዚህ ትልቁ ስህተት በሴኪ ሰሌዳ (ከዓይን እስኪጠፋ ወደ ውሃ በሚወርድ ክብ ሰሌዳ) ጥልቀት ብቻ መደብ መስጠት ነው። በደለልም በአልጌም ሰሌዳው 60 ሴንቲሜትር ላይ ሊጠፋ ይችላል። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ውሃው ግን ፈጽሞ አንድ አይደለም። ልዩነቱን የሚያሳየው የነጸብራቁ ቅርጽ ነው፤ ይኸውም ውሃው በየብርሃን ሞገድ ርዝመቱ (በናኖሜትር) የሚመልሰው ብርሃን ሲሣል የሚወጣው መስመር ነው። የደለል ውሃ ከአረንጓዴው ወደ ቀዩ እየጨመረ ሄዶ ከ700 ናኖሜትር በኋላም ቶሎ አይወድቅም። አልጌ የበዛበት 560 አካባቢ ጉብ ይላል፣ 665 እና 675 መካከል ክሎሮፊል (የአልጌው አረንጓዴ ቀለም) ስለሚመጠው ይሰረጉዳል፣ 705 አካባቢ እንደገና ይነሣል። ሻይ መሰሉ በሰማያዊው ጫፍ ጨለማ ነው፣ ባጠቃላይም ደብዛዛ። ሴንቲኔል 2 ሳተላይት 560፣ 665 እና 705 ላይ ባንድ (ለየብቻ የሚለካው የብርሃን ክልል) ስላለው የአልጌውን ስርጉድና ጉብታ ከሰማይም ማየት ይቻላል፤ 705ን ትቶ መመደብ ዓይንን ጨፍኖ መመደብ ነው። ሰሌዳውን ግን አትጣሉት። 20 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ጥቁርና ነጭ ይሁን፣ በታንኳው ጥላ በኩል፣ ያለ ፀሐይ መነጽር፣ ከ4 እስከ 8 ሰዓት አውርዱት፤ የጠፋበትንና ተመልሶ የታየበትን ጥልቀት አማካይ ያዙ።

ሁለተኛው፣ ነጸብራቁን ሳያስተካክሉ ለኮምፒውተር ማከፋፈያ (ናሙናዎችን በዓይነት ለሚመድብ ፕሮግራም) መስጠት ነው። ያኔ ማከፋፈያው ብሩህ ውሃን ከደብዛዛ ይለያል እንጂ የውሃ ዓይነት አይለይም። እያንዳንዱን የነጸብራቅ መስመር ከ400 እስከ 800 ናኖሜትር ድረስ ከሥሩ ባለው የቦታ ስፋት አካፍሉ፣ ቅርጹ ይቀራል። የመጀመሪያውን መጠን ለብቻው አስቀምጡ፤ የደለል ብዛት የሚገመተው ከእሱ ነው።

ከባሕር ሥራ የመጣውን የሰማያዊና አረንጓዴ ንጽጽር ለክሎሮፊል አትጠቀሙ። ሻይ መሰሉ ቀለም ሰማያዊውን ስለሚበላ ክሎሮፊል በሌለበት ክሎሮፊል ያያል።

የሰዓትና የቀን ስህተት ወሎ ውስጥ ደጋግሞ ይታያል፤ ያናድዳልም፣ ምክንያቱም ወር ሙሉ የተለፋበትን ናሙና ከንቱ ያደርጋል። የሳተላይት ፋይል ሰዓት የሚጻፈው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ፋይሉ 07:45 ካለ በፈረንጆች አቆጣጠር የአገራችን ሰዓት 10:45፣ በእኛ ሰዓት 4:45 ረፋድ ነው። ማስታወሻችሁ ላይ 4:45 ብቻ ከተጻፈ ፋይሉን የሚያነብ ሰው ሌሊት ይመስለዋል። ሁለቱንም ሰዓት፣ ሁለቱንም ዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ። በጎርፍ ወቅት ውሃው በሰዓታት ስለሚለወጥ ናሙናው ከሳተላይቱ ማለፊያ ከሦስት ሰዓት አይራቅ።

ከታንኳ ላይ በስፔክትሮሜትር (ብርሃንን በየሞገድ ርዝመቱ በሚለካ መሣሪያ) ስትለኩ ከቀጥታ ወደታች 40 ዲግሪ አዘንብሉ፣ ከፀሐይ 135 ዲግሪ ዞር በሉ፤ ሰማዩንም በዚያው አንግል ለኩና ነፋሱ በሰከንድ ከ5 ሜትር በታች ከሆነ የሰማዩን 0.028 እጅ ከውሃው ንባብ ቀንሱ። ነገር ግን በዚህ ኬክሮስ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ትወጣለች፤ ያኔ ይህ አቀማመጥም ከብልጭታ አያድንም። በማለዳ 3 ሰዓት ወይም ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ለኩ።

ከፍታን መርሳትም ለውሃው የተሳሳተ መደብ ያሰጣል። ሐይቅና አርዲቦ የሚባሉት ሁለቱ ሐይቆች ያሉት ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየር ግፊቱ ወደ 800 ሄክቶፓስካል ነው። የከባቢ አየር ማረሚያው (አየሩ በምስሉ ላይ የጨመረውን ብርሃን የሚቀንሰው ስሌት) በባሕር ጠለል ግፊት 1013 ከሄደ ከሰማያዊው ከሚገባው በላይ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ከዜሮ በታች ያወርደዋል። ደህና ውሃ ሻይ መሰል ሆኖ ይመደባል።

የሟሟውን ቀለም ስትለኩ ናሙናውን በ0.2 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፉ፤ 0.7 ያለው ማጣሪያ ጥቃቅን ደለል ያሾልካል። 440 ናኖሜትር ላይ ያነበባችሁትን የብርሃን መመጠጥ ቁጥር በ2.303 አባዙ፣ በኪዩቬቱ (ናሙናው በሚቀመጥበት ብልቃጥ) ርዝመት በሜትር አካፍሉ፤ 10 ሴንቲሜትር ከሆነ በ0.1። ሴንቲሜትሩን እንዳለ ያስገባ ሰው ውጤቱ መቶ ጊዜ ያንሳል።

የዳርቻ ፒክስልም (የሳተላይት ምስሉን የሐይቅ ዳር ነጥብ) አትውሰዱ። የተራራው አረንጓዴ ቅጠል ብርሃኑን ወደ ውሃው ፒክስል ስለሚያፈስ አልጌ ይመስላል። 300 ሜትር ፒክስል ያለው ሴንቲኔል 3 እንደ ማይባር ላለ ትንሽ ሐይቅ አይሆንም።

«የሐይቁ መደብ ምንድን ነው?» ብሎ አንድ መልስ መጠበቅም ስህተት ነው። ከአርዲቦ በኩል ወንዙ የሚገባበት ዳር ቡናማ፣ መካከሉ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ጥናት የየብስ ውሃን 13 ዓይነት አድርጎታል፤ እያንዳንዱ ፒክስል ለእነዚህ የሚቀርብበትን መጠን አስሉ፣ ለአንዱም የማይቀርበውንም «ያልተመደበ» ብላችሁ ተዉት።