ሰቃይ ተማሪና ልዩ ተሰጥኦ፦ ለሐዋሳ መምህራን የመለያ መንገድ

አንደኛ የሚወጣ ልጅ ሁሉ ልዩ ተሰጥኦ የለውም፤ ልዩ ተሰጥኦ ያለውም ሁሉ አንደኛ አይወጣም። ስለዚህ ሮስተሩን ከመግለጥዎ በፊት የሚፈልጉትን ይወስኑ።

ለክፍል ሥራ የሚመቸው የካናዳዊው ፍራንስዋ ጋኜ አከፋፈል ነው። ተሰጥኦ ሳይሠለጥን የሚታይ የተፈጥሮ አቅም ነው፤ ችሎታ ደግሞ በትምህርትና በልምምድ የዳበረው ነው። ሁለቱም የሚለኩት ከእድሜ እኩዮች ጋር ሲሆን መነሻው የላይኛው 10 በመቶ ነው፤ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል 6 ልጅ ገደማ ማለት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ የ11 እና የ14 ዓመት ልጆች አብረው ከተቀመጡ ግን ትንሹን ከትልቁ ጋር አያወዳድሩ።

መጀመሪያ ዘርፉን ይለዩ፦ ሒሳብ፣ ቋንቋ፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ስፖርት፣ መሪነት። «በአጠቃላይ ጎበዝ ነው» ምንም አይነግርም።

ከዚያ ለስድስት ሳምንት ያህል ማስታወሻ ይያዙ። ያዩትን እንጂ ፍርድዎን አይጻፉ፦ «ማክሰኞ፣ ክፍልፋይ ስንጀምር፣ ግማሽና ሲሶ ተደምረው ለምን ከአንድ እንደሚያንሱ ሳይጠየቅ አስረዳ።»

ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ልጆች ከ10 አስር ካገኙ ፈተናው አይለያቸውም፤ ከክፍላቸው ከፍ ያለ ጥያቄ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ለአምስተኛ ክፍል ተማሪ ከ1 እስከ 20 ያሉትን ቁጥሮች እንዲደምር ይስጡት። አንዱ በተራ እየደመረ 210 ይደርሳል። ሌላው 1ን ከ20፣ 2ን ከ19 እያጣመረ አስር ጊዜ 21 ይላል። እዚህ ላይ ግን አይቸኩሉ፤ ዘዴውን አስጠኚ አሳይቶት ሊሆን ይችላል። «ከ7 እስከ 31 ቢሆንስ?» ይበሉት። የሸመደደው ይደናገራል። የገባው ግን መሐል ላይ 19 ብቻዋን እንደምትቀር ያያል፤ 12 ጊዜ 38 ላይ ይጨምራትና 475 ይላል። መልሱን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደደረሰበት ይጠይቁ።

ሐዋሳ ላይ ብዙ ልጆች የሚያመልጡን በቋንቋ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ከቤተሰቡ ጋር የሚውል ልጅ የደንበኛውን የገንዘብ መልስ በቃሉ ያወራርድና የጽሑፍ ጥያቄ ፊት ዝም ሊል ይችላል። ጥያቄውን በቃል ይስጡት፤ በሲዳሙ አፎም ሆነ በወላይትኛ፣ በሚቀናው ያስረዳ። እርስዎ ቋንቋውን ካልቻሉ የሚችል ባልደረባ ይጥሩ።

በአንድ ፈተና ብቻ አይወስኑ። እ.ኤ.አ. በ1921 ሉዊስ ተርማን አሜሪካ ውስጥ ልጆችን በአእምሮ ፈተና ሲመርጥ ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ ነጥቡ ስላልሞላላቸው ቀሩ፤ ኋላ ሁለቱም በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ማስታወሻው፣ ከፍ ያለው ጥያቄና ልጁ በራሱ የሠራው ሥራ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ከተስማሙ ይበቃል።

የለዩትን ልጅ ስም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይለጥፉ። ቶሎ ስለጨረሰም ያንኑ ዓይነት 20 ጥያቄ አይጨምሩበት፤ ልጁ እንደ ቅጣት ያየውና ሆን ብሎ መዘግየት ይጀምራል። ጠንከር ያለ አንድ ጥያቄ ይበቃዋል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ያልታየውን ልጅ ደግሞ በሁለተኛው ሴሚስተር እንደገና ይዩት።