ከካኦሊን አሉም ሲወጣ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በጅማ የትምህርት ቤት ላቦራቶሪዎች ካኦሊን ከሚባል ነጭ የሸክላ አፈር አሉምን፣ ማለትም የፖታሲየምና የአሉሚኒየም ሰልፌት ጨውን፣ ለሚያሠሩ መምህራን የተዘጋጀ ነው። ሥራው አፈሩን በእቶን ማቃጠል፣ በሰልፈሪክ አሲድ ማፍላትና ማጣራት፣ ከዚያም ፖታሲየም ሰልፌት ጨምሮ ማቀዝቀዝ ነው። ውጤቱ ሲበላሽ ብዙዎች አሲዱን ይወቅሳሉ፤ እኔ ግን በመጀመሪያ መመርመር ያለበት እቶኑ ነው እላለሁ።

ምልክት፦ አፈሩ በሰልፈሪክ አሲድ ለረጅም ጊዜ ቢፈላም የሚሟሟው አሉሚኒየም እጅግ ጥቂት ነው።

ጥሬ ካኦሊን ለአሲድ በቀላሉ አይበገርም። ከ650 እስከ 750 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቃጠል በውስጡ የታሰረው ውሃ፣ ማለትም ከክብደቱ 14 በመቶ ያህሉ፣ ይወጣና መዋቅሩ ስለሚፈርስ አሉሚኒየሙ ለአሲድ ይጋለጣል። በሌላ በኩል ሙቀቱ ወደ 1,000 ዲግሪ ከተጠጋ አሲድ የማይደፍራቸው አዳዲስ ማዕድናት ይፈጠራሉ። ስለዚህ የደረቀ አፈር ከመቃጠሉ በፊትና በኋላ ይመዘን፤ የክብደቱ ቅናሽ ከ14 በመቶ እጅግ ካነሰ ወይ ቃጠሎው አልተሟላም፣ ወይ አፈሩ ንጹሕ ካኦሊን አይደለም። መብራት ተቋርጦ እቶኑ ከቀዘቀዘ ቃጠሎው እንደገና ይከናወን። ክብደቱ በትክክል ቀንሶ ውጤቱ አሁንም ካነሰ የማፍያው ጊዜ ይራዘም፤ ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኗ ንጹሕ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ቀጭን የአሲድ ውህድም ለቆላ አገር በተጻፈ መመሪያ ከተጠቀሰው ባነሰ ሙቀት ይፈላል። አሲዱ ሲቀጠን ምንጊዜም አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመር፣ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመር።

ምልክት፦ ማጣሪያው ይደፈናል።

ምክንያቱ ከመጠን በላይ የደቀቀ አፈርና በአሲዱ ሳይሟሟ የቀረው ሲሊካ (የሲሊኮን ኦክሳይድ) ነው። ውህዱን በውሃ አቅጥኖ ማዝቀጥ፣ ከዚያም የጠራውን ገና ትኩስ ሳለ ማጣራት ይበቃል።

ምልክት፦ ክሪስታሉ ነጭ ሳይሆን ቢጫ ነው።

ይህ የብረት ምልክት ነው። በጅማ ዙሪያ ያለው ቀይ አፈር ቀለሙን ያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ስለሆነ፣ ለቡና ተክል ቢስማማም ለዚህ ሥራ አይመከርም፤ ነጭ ካኦሊን ይፈለግ። ክሪስታሉ ቀድሞ ከወጣ በጥቂት ሙቅ ውሃ አሟሙቶ እንደገና ማቀዝቀዝና በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ብረቱን አብዛኛውን ጊዜ በፈሳሹ ውስጥ ያስቀረዋል።

ምልክት፦ ፈሳሹ ቢቀዘቅዝም ክሪስታል አይወጣም።

ከአሲዱ ጋር የተፈጠረው አሉሚኒየም ሰልፌት ብቻውን በውሃ በጣም ስለሚሟሟ ፖታሲየም ሰልፌት ያስፈልገዋል፤ ከአፈሩ ለተሟሟ 102 ግራም አሉሚኒየም ኦክሳይድ 174 ግራም። ይህ ተጨምሮም ካልወጣ ውሃው በዝቷልና ፈሳሹ ሞቆ ውሃው በትነት ይቀነስ፣ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ፣ አንድ ትንሽ የአሉም ክሪስታልም ይጨመርበት።

በክረምቱ እርጥበት ምክንያት ክሪስታሉን በማድረቂያ ምድጃ ማድረቅ የሚፈልጉ አሉ፤ አሉም ግን ከ92 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ በክሪስታሉ ውስጥ በታሰረው በራሱ ውሃ ይቀልጣል። በወረቀት ላይ በክፍል ሙቀት ይድረቅ። የተረፈው አሲዳም ፈሳሽ ከመደፋቱ በፊት አሲድነቱ በኖራ ይገደል።