የወረዳ የሰው ሀብት ዕቅድ ሲዘጋጅ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

የወረዳው ሪፖርት “ከመዋቅሩ አብዛኛው መደብ ተሟልቷል” ይላል፤ ጤና ኬላው ግን ሰኞ ጠዋት ተቆልፎ ይገኛል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ሪፖርቱ የቆጠረው መደብ፣ ማለትም በመዋቅሩ የተፈቀደ የሥራ ቦታ ነው፤ ባለጉዳዩ የሚፈልገው ግን በሩን የሚከፍትለት ሰው ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ ይመነጫሉ።

አንድ፦ ሌት ተቀን ለሚሰጥ አገልግሎት በቀን ሥራ ሂሳብ ማቀድ

በብዛት የሚታየውም ብዙ የሚያስከፍለውም ይህ ነው። የጤና ጣቢያ ማዋለጃ ክፍል በዓመት 8,760 ሰዓት ክፍት ነው። አንድ ሠራተኛስ ስንት ሰዓት ይሠራል? መደበኛው የመንግሥት ሥራ ሰዓት በሳምንት 39 ነው ብለን ብንይዝ በዓመት 2,028 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ላይ የዓመት ፈቃድ ይቀነሳል። ፈቃዱ ከ20 የሥራ ቀን ተነስቶ እስከ 30 ስለሚያድግ 25ን ያዙ። 13 ያህል የበዓል ቀናት ሲጨመሩ 38 ቀን፣ በ7.8 ሰዓት ሲባዛ 296 ሰዓት። የሚተርፈው 1,732 ነው። 8,760ን ለ1,732 ስታካፍሉ 5.06 ይመጣል።

ስለዚህ አንዲት አዋላጅ ሁልጊዜ ተረኛ እንድትሆን 5 አዋላጆች ያስፈልጋሉ፤ ሕመም፣ ሥልጠናና የ4 ወር የወሊድ ፈቃድ ገና አልተቆጠሩም። 2 አዋላጅ ብቻ ባሉበት “የ24 ሰዓት አገልግሎት” ብሎ መለጠፍ ቀሪውን ሰዓት በዲዩቲ (ከመደበኛው ሰዓት ውጭ በሚከፈልበት ተረኝነት) ማስሸፈን ማለት ነው። የዲዩቲው በጀት ደግሞ ብዙ ጊዜ አብሮ አይያዝም፤ ውዝፍ ይከማቻል፣ ባለሙያው ዝውውር ይጠይቃል፣ 2 የነበረው 1 ይሆናል። የጥበቃ ሠራተኛም በዚሁ ስሌት ይታያል፤ ለአንድ በር 2 ጥበቃ መድቦ ሌሊቱንም ቅዳሜና እሑዱንም ማን እንደሚሸፍን አለመጠየቅ የተለመደ ነው። የክልላችሁ አዋጅ ስለ ሥራ ሰዓት ወይም ስለ ፈቃድ የተለየ ቁጥር ካለው ያንን አስገብታችሁ አስሉት።

ሁለት፦ ቀበሌን መቁጠር፣ ሰውን አለመቁጠር

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ ሲጀመር ስሌቱ አንድ ጤና ኬላ ለ5,000 ሰው፣ በቀበሌ 2 ሠራተኛ የሚል ነበር። የገጠር ጤና ጣቢያ ለ25,000፣ የከተማው ለ40,000 ነዋሪ ታስቧል። ቁጥሩ እንዳለ ሲገለበጥ 3,000 ሰው ያለው ቀበሌና 9,000 የደረሰው እኩል 2 ሠራተኛ ያገኛሉ።

የሕዝቡ ቁጥር ራሱም አጠራጣሪ ነው። የመጨረሻው ሕዝብ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። መንገድ የገባባትና ከተማ የሆነች ቀበሌ በትንበያው ላይ እስካሁን ገጠር ናት። ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሦስት ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጡ፦ ትንበያውን፣ በጤና ኬላው የቤተሰብ ፎልደር (የየቤተሰቡ የጤና መዝገብ) የተመዘገበውን አባወራና እማወራ፣ የትምህርት ቤቱን የ1ኛ ክፍል ምዝገባ። ከትንበያው ጋር ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈ መደብ ከመጠየቃችሁ በፊት ሰው ልካችሁ አረጋግጡ። በክረምት ወንዝ ሞልቶ የሚቆረጥ ጎጥ ካለም ለብቻው ይጻፍ፤ አማካይ ቁጥር ወንዝ አያሻግርም።

ሦስት፦ መምህርን በጠቅላላ ተማሪ ማካፈል

በታችኛው እርከን አንድ መምህር አንድ ክፍል ስለሚይዝ 50 ተማሪ ለአንድ ክፍል የሚለው ስሌት ያስኬዳል። 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ግን የሚታቀደው በክፍለ ጊዜ ነው። 10 ሴክሽን በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ሂሳብ ካላቸው 50 ክፍለ ጊዜ ነው፤ አንድ መምህር 25 ከያዘ 2 የሂሳብ መምህር ያስፈልጋል። በጠቅላላው ያካፈለ ወረዳ የመምህሩ ቁጥር ሞልቶለት ሂሳብን የቋንቋ መምህር ሲያስተምር ያገኘዋል።

አራት፦ ደመወዝ ብቻ በጀት ማስያዝ

አሠሪው መሥሪያ ቤት ለጡረታ የሚያዋጣው የደመወዙን 11 በመቶ ነው (ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 በመቶ ለብቻው ነው)። በወር 8,000 ብር የሚከፈልባቸው 20 አዳዲስ መደቦች ቢኖሩ የዓመት ደመወዙ 1,920,000 ብር ነው፤ ጡረታው ደግሞ 211,200 ብር። ይህ ከተረሳ የ2 ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ ጎደለ ማለት ነው። በተቃራኒው በጥቅምት ለሚቀጠር ሰው የ12 ወር በጀት የሚይዙም አሉ። የሚያስፈልገው 9 ወር ነው፤ ትርፉ በዓመቱ አጋማሽ ለነዳጅና ለውሎ አበል ይዛወራል።

አምስት፦ በጀት ከጸደቀ በኋላ ቅጥር ማሰብ

በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል፣ ትምህርት መስከረም ላይ ይጀመራል። የመደቡ ተፈላጊ ችሎታ፣ የፈተናው ዝግጅትና የማስታወቂያው ረቂቅ በግንቦትና በሰኔ ካለቁ በጀቱ በጸደቀበት ሳምንት ማስታወቂያ ይወጣል። ቅጥር ስንት ቀን እንደሚፈጅም አትገምቱ፤ ያለፈውን ዓመት 5 የቅጥር ፋይል አውጥታችሁ ከማስታወቂያው ቀን እስከ ሥራ መጀመሪያው ቁጠሩ።

ስድስት፦ ፔሮልን (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን) ማመን

ደመወዙ ሩቅ ቀበሌ ላይ፣ ሥራው ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሆነ ሰው የሌለበት ወረዳ ብርቅ ነው። የመዋቅሩን ሰነድ፣ የወሩን ፔሮልና የጣቢያውን የፊርማ መዝገብ በአንድ ሠንጠረዥ አገናኙ። ፔሮል ላይ ኖሮ ፊርማ ላይ የሌለው ስም ክፍት መደብ ነው፤ መዋቅሩ ምንም ይበል።

ሰባት፦ ጡረታን በስንብት ደብዳቤው ቀን ማወቅ

በሚቀጥሉት 3 ዓመታት 60 ዓመት የሚሞላቸውን ከግል ማህደር አውጥታችሁ ዘርዝሩ። ዕድሜው የሚያዘው መጀመሪያ ሲቀጠር በተመዘገበው ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ ብቻቸውን አንድ ሥራ የያዙትን በቀይ አስምሩባቸው። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኤሌክትሮ ሜካኒክ ከነዚህ አንዱ ከሆነ ተተኪው ቢያንስ 3 ወር ቀድሞ ይግባና አብሮት ጣቢያዎቹን ይዙር። የየትኛው ጉድጓድ ፓምፕ በስንት ሜትር ላይ እንደተንጠለጠለና መለዋወጫው ከየት እንደሚገዛ የተጻፈበት ፋይል ብዙ ጊዜ የለም።