አዲስ የገዛችሁት የመኪና ዕቃ ሲበላሽ፦ ሻጩን እንዴት መጠየቅ ይቻላል?

አዲስ ዕቃ ተገዝቶ ተገጠመ። ብዙም ሳይቆይ ያው ችግር ተመለሰ። አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ መካኒኩን "ፍታልኝ" ይልና ዕቃውን በፌስታል ይዞ ወደ ሱቁ ይሮጣል። ጉዳዩ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ዕቃው ከመኪናው ከወጣ በኋላ እንዳልሠራ ማሳየት ይከብዳል። ሻጩ "ሲገጠም ነው የተበላሸው" ቢል በእጃችሁ የምታሳዩት ነገር የለም።

መጀመሪያ መኪናውን አቁሙ። ዕቃው የፍሬን ወይም የመሪ ከሆነ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ከገንዘቡ ይቀድማል። ሌላ ዕቃም ቢሆን ችግሩን እያወቃችሁ መንዳት ከቀጠላችሁ ሻጩ "እያወቅህ ተጠቅመህበታል" ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ እውነት ከእሱ ጋር ይሆናል።

ሳይፈታ ይለካ

ትልቁ ሥራ ይሄ ነው። ማረጋገጥ ያለባችሁ መኪናው መበላሸቱን አይደለም። ጥፋቱ የዚያ ዕቃ መሆኑን ነው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገውን ዲናሞን እንውሰድ። ሞተሩ ጠፍቶ ሲያርፍ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ሲነሳ አብዛኛው መኪና ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መውጣት አለበት። ካልወጣ ወዲያው ዲናሞውን አትክሰሱት። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ፊውዝ ተቃጥሎ፣ ወይም ማሳው (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው ሽቦ) ዝጎ ሊሆን ይችላል። መብራትና ፋን አብሩና ቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) መጀመሪያ ዲናሞው ጀርባ ያለው ወፍራም ሽቦ የሚታሰርበት ቦታ ላይ፣ ቀጥሎ ባትሪው ላይ አድርጉ። ዲናሞው ላይ 14 ቮልት አካባቢ ካለ፣ ባትሪው ላይ ግን ከግማሽ ቮልት በላይ ከጎደለ፣ ችግሩ መሐል ያለው ሽቦ ነው። አዲስ ዲናሞ ቢቀየርም ያው ነው። አዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ ቻርጁን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ስለሆነ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የዚያን ሞዴል መመሪያ ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ጊዜ በመኪናዬ ላይ የተገጠመ አዲስ ዲናሞ ቻርጅ ማድረግ አቆመ። መካኒኩ ሳይለካ ፈታው። ሻጩ ሱቁ ውስጥ ባለው መሞከሪያ ላይ አዞረው፣ ሠራ። ዲናሞው ቀዝቃዛ ሲሆን የሚሠራ፣ ሲሞቅ የሚያቆም ነበር። መኪናው ላይ እንደሞቀ የተለካ አንድ ቁጥር ቢኖር ኖሮ ነገሩ በዚያው ባለቀ። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ ሁለት ጊዜ ይለካ፦ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ፣ ከዚያም በደንብ ሲሞቅ።

"ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ንቀለውና እይ፤ ካጠፋ ዲናሞው ሞቷል" የሚል አቋራጭ አለ። በፍጹም አታስደርጉ። ባትሪው ሲነቀል ቮልቱ በድንገት ይወረወርና የዲናሞውን ውስጥ ወይም የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። ጤነኛ ዕቃ በዚህ ይሞታል። ሻጩ ይህን ከሰማ ደግሞ ክርክሩ አበቃ።

የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን ስካነርንም በልክ እመኑት። ስካነር ኮድ የሚናገረው ችግሩ የታየበትን ክፍል ነው፣ የሞተውን ዕቃ አይደለም። ፒ0171 የሚለው ኮድ ቤንዚኑ ከአየሩ አንጻር አነሰ ማለት ብቻ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ኮድ የኦክስጅን ሴንሰር ይቀይራል። ምክንያቱ ግን አየር የሚያስገባ የተሰነጠቀ ቱቦ ሆኖ ይገኛል። አዲሱ ሴንሰር "አልሠራም" ተብሎ ሲመለስ ሻጩ አልቀበልም ቢል አልፈርድበትም። ለዚህ ሁሉ ርካሽ ዲጂታል ቴስተርና የሚያነብበው ሰው ከውድ ስካነር ይበልጣሉ።

የኤሌክትሪክ ያልሆኑትም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ኩሽኔታ በመዶሻ ተደብድቦ ከገባ ውስጡ ያሉት ኳሶች ቀለበቱ ላይ ጠባሳ ይተዋሉ፣ ቶሎም መጮህ ይጀምራል። ይህ የገጣሚው ጥፋት ነው። የፍሪሲዮን ዲስክ ዘይት ከነካው መንሸራተቱ አይቀርም፤ ጥፋተኛው የሚያፈሰው ጎሚኒ (የዘይት መከላከያ ጎማው) ነው። አዲስ ቱርቦ በአጭር ጊዜ ሲሞት ደግሞ ሻጮች መጀመሪያ የሚጠይቁት የዘይት ቱቦው መጽዳቱን ወይም መቀየሩን ነው። ትክክል ናቸው፤ ቱርቦ ዘይት ካጣ ወዲያው ነው የሚያልቀው። እነዚህን ቀድማችሁ ካጣራችሁ ሻጩ ሊያነሳው የሚችለው ሰበብ ያልቃል።

ማስረጃው

ሳታቋርጡ አንድ ቪዲዮ ቅረጹ። ከሰሌዳው ጀምሩ፣ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን አሳዩ፣ ከዚያ ዕቃውን በቦታው፣ በመጨረሻም ቴስተሩ የሚያሳየውን ቁጥር። ካርቶኑን አትጣሉ። ካርቶኑ ላይ ያለውና ዕቃው ላይ የታተመው ቁጥር አንድ መሆናቸውን እዩ። ካልገጠሙ ጉዳያችሁ ከብልሽት አልፎ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ሊሆን ይችላልና ፎቶ አንሱት።

የተበላሸ ዕቃና የተሳሳተ ዕቃም ይለያያሉ። ዕቃው ጤነኛ ሆኖ ለመኪናችሁ የማይሆን ከሆነ ጥያቄው "ማን መረጠው?" ነው። 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የሻንሲ ቁጥር ሰጥታችሁ ሻጩ ራሱ ካወጣላችሁ ኃላፊነቱ የእሱ ነው። ቁጥሩን የሰጣችሁበት መልእክት ስልካችሁ ላይ ይቀመጥ። ራሳችሁ "ይሄን ስጠኝ" ብላችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል።

ጋራዡ አጭር ወረቀት ይጻፍላችሁ፦ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተለካው ቁጥር፣ የደረሰበት ድምዳሜ። "ዕቃው አይሠራም" ብቻ የሚል ወረቀት ዋጋ የለውም። የሚቻል ከሆነ የሚመረምረው ከገጣሚው ሌላ ሰው ይሁን፤ ገጣሚው በራሱ ላይ እንዲመሰክር መጠበቅ ከባድ ነው።

ሻጩ ማነው?

ዕቃውን ራሳችሁ ከሱቅ ከገዛችሁ የምትጠይቁት ሱቁን ነው። ጋራዡ ገዝቶ፣ ገጥሞ፣ ሂሳቡን በአንድ ላይ ካስከፈላችሁ ግን ለእናንተ ሻጩ ጋራዡ ነው። "ሂድና ሱቁን አናግር" ቢላችሁ አትሂዱ። እሱ ከሱቁ ጋር የራሱን ይጨርስ። እኔ ውድ ዕቃ ሲሆን ይህን መንገድ እመርጣለሁ። ዋጋው ትንሽ ይጨምራል፤ ሻጭና ገጣሚ እየተወነጃጀሉ እናንተን ከሚያመላልሱ ግን ይሻላል።

ሻጩ "ፋብሪካውን ጠይቅ" ማለትም አይችልም። ገንዘብ የተቀበለው እሱ ነው። የየአገሩ ሕግ ቢለያይም መሠረቱ ብዙ ቦታ ይህ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሻጭ ለሸማች ለሸጠው አዲስ ዕቃ ቢያንስ 2 ዓመት ተጠያቂ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የታየ ጉድለት በመርህ ደረጃ ከመነሻው እንደነበረ ይቆጠራል፣ አይደለም ካለ ማስረዳት ያለበት ሻጩ ነው። ጉድለት ያለበት ዕቃ ሲተካ የመፍቻና የመግጠሚያ ወጪውም በሻጩ ላይ ነው። በብሪታንያ ደግሞ ሸማች ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ሙሉ ገንዘቡን መውሰድ ይችላል። የምትኖሩበትን አገር ሕግ ከመሄዳችሁ በፊት አንብቡ፤ በተለይ የጊዜ ገደቡን።

"የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ጽሑፍ አያስደንግጣችሁ። በብዙ አገር ሕግ ያ የሚሠራው ሐሳቡን ለቀየረ ገዢ ነው። የማይሠራ ዕቃ የሸጠን ሰው ነጻ አያወጣውም። ያገለገለ ዕቃ ላይ ግን ጥበቃው ይቀንሳል፤ እዚያ የሚያዋጣው ከመክፈል በፊት የሙከራ ጊዜውን በደረሰኙ ላይ ማስጻፍ ነው።

መጠየቅና ማስረከብ

ችግሩን ባረጋገጣችሁበት ቀን ለሻጩ በጽሑፍ ላኩ። የስልክ መልእክትም ይበቃል። የተገዛበትን ቀን፣ የተለካውን፣ የምትፈልጉትን በግልጽ ጻፉ፦ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስ። የጉልበት ሂሳቡንም እዚያው ጥቀሱ፤ በኋላ ሲነሳ ሰሚ የለውም። ዕቃው ሌላ ነገር ካበላሸ፣ ለምሳሌ የታይሚንግ ቺንጋ ወጣሪው ተሰብሮ ቫልቮቹ ከተጣመሙ፣ ሞተሩ ከመከፈቱ በፊት ሻጩ መጥቶ እንዲያይ ጥሩት። እምቢ ቢል መጠራቱ ራሱ ማስረጃ ነው።

ዕቃውን ስታስረክቡ በማይለቅ ቀለም ምልክት አድርጉበት፣ ፎቶ አንሱት፣ "ለምርመራ ተቀብያለሁ" የሚል ፊርማ ተቀበሉ። መቼ መልስ እንደሚሰጥም ይጻፍ። ተተኪው ሲመጣ ያንኑ ልኬት ቀዝቃዛና ሙቅ አድርጋችሁ ድገሙት፤ የአዲሱ ዕቃ ዋስትና ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠርም በደረሰኙ ላይ አስጽፉ።