ዋልካ ላይ የዘመመው ትራይፖድ

ደብረ ብርሃን ግቢያችን ውስጥ የተከልኩት የንፋስ መለኪያ ትራይፖድ (ዘንግ የተሸከመ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ሐምሌ ላይ ዘመመ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ንፋሱን ነበር። ለካ ችግሩ አፈሩ ነው። ዋልካ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። አጭር ካስማ አይዝበትም።

ሁለት ሆነን ዘንጉን አጋድመን አወረድነው። ብቻችሁን አትሞክሩት፤ ከላይ ይከብዳል። ከመብራት ሽቦው ያለው ርቀት ከዘንጉ ቁመት ያንስ ስለነበር ቦታውንም ቀየርኩ። ቢወድቅ እንኳ ሽቦ መንካት የለበትም።

ለእያንዳንዱ እግር 80 ሳንቲ ሜትር ቆፍሬ ኮንክሪት ሞላሁ። ሳምንት አቆይቼ እግሮቹን በብሎን አሰርኩ። ሦስት የብረት ገመዶች በ120 ዲግሪ ልዩነት ወጠርኩ፤ ከልክ በላይ ከከረሩ ዘንጉን ያጎብጡታል። ቀጥ ማለቱን በውሃ ልክ ከሁለት አቅጣጫ አየሁ። ልጆች እንዳይደናቀፉም ገመዶቹ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርኩ። ነሐሴን ሙሉ ንቅንቅ አላለም።